ከመንጠቆው የወደቁ ሁለት ጭረቶች

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘርዓብሩክ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት መስኮት ዳር ተቀምጦ ስለ ጃፓን ፊደል ሲናገር፣ ስለ አባቱ ርስት የሚተርክ ባላባት ይመስል ነበር። ፍርሃት ደጁ ላይ የቆመበት ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ድምፁ ከወትሮው ከፍ፣ እጁ ከወትሮው ዘርጋ ይላል፤ የሚያዳምጠው ያገኘ እንደሆነማ አይጣል ነው።

የሚያዳምጡት ጋሼ ግዛው ነበሩ። የዕድሜያቸውን እኩሌታ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ኢንግልዉድ የሚኖሩ የታክሲ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥቻለሁ ይላሉ፤ መኪናቸው ግን ገና አልወጣችም።

«እስቲ ንገረኝ ዘርዓ» አሉ ሽሮውን በእንጀራ እየጠረጉ፤ «ጃፓንኛ አትናገር፣ ጃፓን አገር አልሄድክ፤ በምን ተአምር ነው የጃፓን ፊደል የሚያበላህ?»

«ፊደሉ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሻገር እንዳይበላሽ ነው የምጠብቀው ጋሼ።»

«ሶ አሻጋሪ ነህ በለኛ! እኔም ኤርፖርት አሻጋሪ ነኝ። ልዩነታችን የኔ ተሳፋሪ ሲወርድ ያመሰግናል።»

ዘርዓብሩክ ሳቀ። የሚሠራው ቶራንስ በሚገኝ፣ ለአረጋውያን መኖሪያዎች የኮምፒውተር ሥርዓት በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው። ቶራንስና አካባቢዋ ብዙ ጃፓናውያን የሰፈሩባቸው ስለሆኑ፣ ከድርጅቱ ደንበኞች መካከል ነዋሪዎቻቸው በሙሉ የጃፓን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሆኑ ቤቶች አሉ። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ ትእዛዙ ከክሊኒክ በኮምፒውተር ይላካል። የበሽተኛው ስም የሚመጣው ሂራጋና በሚባለው፣ እንደ እኛ ፊደል ድምፅን በሚከተለው ጽሕፈት ነው፤ ከቻይና የተዋሱት ሌላው ጽሕፈታቸው አንድ ቅርጽ ሆኖ በሁለትም በሦስትም መንገድ ሊነበብ ስለሚችል ለስም አይታመንም። የዘርዓብሩክ ፕሮግራም ስሙንና የልደቱን ዓመት አይቶ የየትኛው ክፍል ነዋሪ እንደሆነ ይለያል። ነርሷ የመድኃኒቱን ከረጢት በእጇ ወደያዘችው ስክሪን ስታስጠጋ አረንጓዴ መብራት ይበራል። አረንጓዴ ማለት፣ ይህ ኪኒን የእኚህ ሰው ነው፤ ስጪ ማለት ነው።

ከእነዚያ ቤቶች በአንደኛው ውስጥ አረንጓዴውን እያየች የምትሰጠው ነርስ የገዛ ሚስቱ ለተማርያም ናት።

«ኮምፒውተር ቅርጽ አያውቅም» ሲል ቀጠለ። «የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ የዓለም ሊቃውንት ተሰብስበው ለእያንዳንዱ ሕዝብ ለእያንዳንዱ ፊደል የማይደገም ቁጥር ሰጡ። የእኛ ሀ የራሱ ቁጥር አለው፤ የእነርሱም አ እንዲሁ። ሲከማች ደግሞ የእኛም የእነርሱም እኩል ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል። የእንግሊዝኛው ኤ በአንድ ባይት ሲተኛ እኛና ጃፓኖች ግን ለእያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ክፍል አለን ብለው ያስቡት።»

«በዚህ ከተማ ሦስት ክፍል ያለው ፊደል ከእኔ የተሻለ ኑሮ ይኖራል» አሉ ጋሼ ግዛው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሔለን ከወዲያ ሆና ሳቀች። ሳቋ ዘርዓብሩክን ይበልጥ አሟሟቀው። ሶፍቱን ሳብ አደረገና በእስክሪብቶ አንድ ቀጭን መስመር ከላይ ወደ ታች አወረደ፤ ጫፉን ወደ ቀኝ አጥፎ ወደ ላይ መለሰው። መስመሩ መንጠቆ መሰለ።

«ይህች ሺ ናት» አለ። ከዚያ በመንጠቆዋ ትከሻ ላይ ሁለት ጭረቶች ጫር ጫር አደረገ። «አሁን ደግሞ ጂ ሆነች።»

ጋሼ ግዛው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «እነዚህ ሁለቱ ቅማል ይመስላሉ። ቢወድቁስ?»

«አይወድቁም።»

«ምን ይዟቸው ነው የማይወድቁት?»

«ጂ በተፈጥሮዋ አንድ ናት፤ አንድ ቁጥር። እርስዎ ከሸ ላይ ቆቧን አውልቀው ሰ ሊያደርጓት ይችላሉ? አይችሉም። ሸ ሸ ናት፤ ሰም ሰ ነው። ፊደል አይፈለጥም ጋሼ! የእኛም የእነርሱም ጌጡ ይኸው ነው።»

«እኔ ግን ሳይህ ፈልጠኸዋል» አሉ ሽማግሌው እየተዝናኑ። «መንጠቆውን ጻፍክ፣ እጅህን አነሣህ፤ ከዚያ ነው ቅማሎቹን ያስቀመጥከው። አንዱ ኮምፒውተር እንዳንተ እጁን የሚያነሣ ቢሆንስ?»

ዘርዓብሩክ ሊስቅ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋውና ሶፍቱ ላይ ያሉትን ሁለት ጭረቶች በአውራ ጣቱ ሸፈናቸው።

ነገሩን ያውቀው ነበር። ከዓመታት በፊት አንብቦታል፤ ግን ሰው ሞት እንዳለ በሚያውቅበት ዓይነት እውቀት ነበር የሚያውቀው፤ በራሱ ላይ እንደሚደርስ ነገር አድርጎ አልነበረም። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ጂን በአንድ ቁጥር ያስቀምጧታል። ሌሎች ግን ለሁለት ይከፍሏታል፤ አስቀድሞ የመንጠቆዋን ቁጥር፣ ከዚያም በስተኋላዋ የጭረቶቹን ቁጥር ለብቻው ይጽፋሉ። ሁለቱም መንገድ ሕጋዊ ነው። ስክሪን ላይ ሲታዩ ከወንድማማችም በላይ አንድ ናቸው፤ ዓይን አይለያቸውም። የሚለየው ቁጥሩን የሚቆጥር ብቻ ነው።

የእርሱ ፕሮግራም ደግሞ በመግቢያው ላይ ወንፊት አለው። ወንፊቱን መጀመሪያ የሠራው ለቤተ ክርስቲያናቸው የመዝሙር ስብስብ ሲሆን፣ ሕጉ ቀላል ነበር። በፊደል ገበታው ላይ ቁጥሩ የሌለ ማንኛውም ነገር አቧራ ነውና ይወገድ። በአማርኛ ወንፊቱ ማንንም አልበደለም፤ ፊደላችን ሁሉ ምሉዕ ሆኖ የተወለደ ስለሆነ ከቶ የሚነጠል ክፍል የለውም። የጃፓኑን ሥራ ሲቀበል ያንኑ ወንፊት ወስዶ የሂራጋናን ገበታ አስገባበት። ሁለት የድምፅ ፊደላት፣ ሁለቱም ባለ ሦስት ባይት፣ ሁለቱም በእርሱ ዓይን የማይፈለጡ። ጭረቶቹን ለብቻቸው የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር ቢመጣ ግን መንጠቆዋ ታልፋለች፤ ጭረቶቹ በገበታው ላይ የሉምና አቧራ ሆነው ይራገፋሉ። ጂ ሺ ሆና ትገባለች።

ክሊኒኩ ደግሞ ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሮቹን ቀይሯል።

ዓርብ ጠዋት ፕሮግራሙ ያራገፈው አቧራ ከወትሮው እጅግ መብዛቱን የሚገልጽ መልእክት ደርሶት ነበር። አንብቦት ፈገግ አለ። ወንፊቱ እየሠራ ነው ብሎ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ» አሉ ጋሼ ግዛው።

ዘርዓብሩክ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለተማርያም በምትሠራበት ቤት ሥርዓቱን ሲዘረጋ ያስተዋላቸው ሁለት አሮጊቶች ትዝ አሉት። በዚያን ጊዜ እንደ ጥሩ ምሳሌ ቆጥሯቸው ነበር። አንዲቱ ወይዘሮ ናካሺማ፣ ሌላይቱ ወይዘሮ ናካጂማ። የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው። የራሳቸውም የቤተሰባቸውም ስም፣ ከቻይና በተዋሱት ጽሕፈት ሲጻፍ፣ ፍጹም አንድ ነው፤ በሂራጋና ሲጻፉ የሚለያቸው በመንጠቆዋ ትከሻ ላይ ያሉት ሁለት ጭረቶች ብቻ ናቸው። ወይዘሮ ናካጂማ ስኳር አለባቸው። ወይዘሮ ናካሺማ የለባቸውም።

ስኳር ለሌለባቸው፣ ምግብ እንደ ወፍ ለሚለቅሙ አሮጊት የስኳር ኪኒን ቢሰጣቸው ምን ይሆናሉ? ይህን ያወቀው ከሚስቱ ነው። ይደክማቸዋል፤ ያልባቸዋል፤ ይተኛሉ። ያየ ሰው እርጅና ነው ይላል። ካልነቁም አይነቁም።

ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ አንድ የመጨረሻ አጥር ነበረ። የቤቱ ደንብ ነርስ ኪኒን ከመስጠቷ በፊት ከረጢቱ ላይ በእንግሊዝኛ የታተመውን ስም ጮክ ብላ አንብባ፣ ባለቤቱ አዎን እስኪል ትጠብቅ ይላል። ይህን አጥር ያፈረሰችው ለተማርያም ነበረች፤ ያፈረሰችውም በክፋት ወይም በስንፍና አልነበረም።

«እናቴን የሚያህሉ ሴት ስማቸውን አንጠልጥዬ አልጠራም» ብላው ነበር አንድ ቀን፣ ጫማዋን እያወለቀች። «ፊታቸው ቆሜ ‹ናካምናምን› ልበላቸው? እማማ ነው የምላቸው። አሁንማ ለምደውታል፤ ስገባ እነርሱም እማማ ይሉኛል።»

እርሱም በኩራት ሲያያት ቆይቶ «ደግ አደረግሽ» ብሏት ነበር። «አረንጓዴው ካለ የስም ጥሪ ምን ያደርጋል?»

ይህ የገዛ ቃሉ አሁን ከጆሮው ውስጥ አልወጣ አለ።

ስልኩን አንሥቶ ደወለላት። ጠራ፣ ጠራ፣ ወደ ቮይስ ሜይል ሄደ። ነርሶች ሥራ ሲገቡ ስልካቸውን ሎከር ውስጥ እንደሚቆልፉ ያውቃል፤ ቢሆንም እንደገና ደወለ። የቤቱን ስልክ ሞከረ፤ መልስ የሰጠው መሣሪያ ነበር።

«ጭረቶቹ ወድቀዋል ጋሼ» አለ በመጨረሻ።

ጋሼ ግዛው ስለ ፊደል የገባቸው ጥቂት ነበር፤ ስለ ፊት ግን ብዙ ያውቃሉ። ያልጨረሱትን ሽሮ ትተው ተነሡ። «ሔሊ፣ እንመለሳለን!» አሉና ቁልፋቸውን ጨበጡ። «አንተ ድራይቭ አታደርግም። እኔ እነዳለሁ።»

በላ ሲዬኔጋ ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ ዘርዓብሩክ ነገሩን ሁሉ በተቆራረጠ ቃል ነገራቸው። ሽማግሌው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ፤ ቀልዳቸው ከምግብ ቤቱ ቀርቷል።

«አንተ የምትሠራበት ድርጅት የድንገተኛ ስልክ የለውም?»

«አለው።»

«ታዲያ ለምን አትደውልም? ሲስተሙን ዝጉት በላቸው!»

ዘርዓብሩክ ወደ መስኮቱ ዞረ። ያ ስልክ ኪሱ ውስጥ እንደ ፍም ሲያቃጥለው ነበር። ሲስተሙ ሲዘጋ እዚያ ቤት ብቻ አይደለም የሚዘጋው፤ ፕሮግራሙ በተተከለበት ቤት ሁሉ ነው። ምክንያቱ ይጠየቃል። ምክንያቱ እርሱ ነው። የለተማርያም የነርስነት ፈቃድም አብሮ ይመረመራል፤ ስም ጠርተሻል ወይ? ትባላለች፤ መዋሸት ደግሞ አታውቅም።

«አስቀድሜ ላረጋግጥ» አለ።

«ምኑን ነው የምታረጋግጠው?»

«ምናልባት ምንም አልሆነ ይሆናል።»

«ናይን ዋን ዋንስ?»

«ምን ብዬ ጋሼ? ከፊደል ላይ ጭረት ወድቋልና አምቡላንስ ላኩ ልበል?»

ጋሼ ግዛው ነዳጁን ረገጡ።  ኢንግልዉድ ሲደርሱ ስታዲየሙ አጠገብ ጨዋታ ነበረና መንገዱ በመኪና ተዘግቶ አገኙት። ሰማያዊና ወርቃማ ሸሚዝ የለበሰ ሕዝብ እየሳቀ በመኪኖቹ መካከል ያልፋል። አንድ ሕፃን በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ለዘርዓብሩክ እጁን አውለበለበ። ዘርዓብሩክ ያን ትንሽ እጅ ሲያይ፣ ዓለም ስለ አንድ አሮጊት እስትንፋስ ምንም ሳይሰማት በዓሏን ማክበር እንደምትችል እንደ አዲስ ተገለጠለት። የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት ልጅ ሆኖ ሲሰማው ማስፈራሪያ ይመስለው ነበር። አሁን ግን ልክ እንደ መንገድ ምልክት አነበበው።

እንደገና የቤቱን ስልክ ደወለ። በዚህኛው ጊዜ አንዲት ሴት አነሣች። የፈረቃው ኃላፊ ዶርካስ ናት፤ ከለተማርያም ጋር ለዓመታት አብራ የሠራች፣ የጴንጤ መዝሙር ከአፏ የማይጠፋ።

«ዶርካስ፣ እኔ ነኝ፤ ዘርዓብሩክ። ለቱን አገናኚኝ።»

«ወይ ጉድ፣ ወንድሜ፣ ባልና ሚስት ቅዳሜ እንኳ አትጠጋገቡም? መድኃኒት እየሰጠች ነው።»

«መስኮት ዳር ያሉት እናት፣ ናካሺማ፣ አዲስ ኪኒን ታዞላቸዋል?»

«አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ። ሁለቴ በቀን። አረንጓዴ ነው፤ ችግር የለም። የአሁኑንም ሰጥታቸዋለች መሰለኝ።»

ዘርዓብሩክ ዓይኑን ጨፈነ። «እንዴት ናቸው?»

«ኦኬ ናቸው። ምሳ እምቢ ብለዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ያንቀላፋሉ። ዕድሜ ነው እንግዲህ፤ ምን ታደርገዋለህ።»

«አንቂያቸው!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ መኪናዋን ሞላት። «የስኳር ኪኒን ነው! የእርሳቸው አይደለም! አምቡላንስ ጥሪ፤ ስኳራቸውን ለኩ፤ አንቂያቸው ዶርካስ!»

«በኢየሱስ ስም!» አለች ዶርካስ፤ ከዚያ የወንበር መውደቅ፣ የሚሮጥ የላስቲክ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ስልኩን ሳትዘጋው ነበር የሄደችው። ዘርዓብሩክ ጆሮው ላይ ደቅኖ የባዶ ክፍል ድምፅ ሲያዳምጥ ቆየ። አንድ ሰዓት ቆጣሪ ነገር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከሩቅ የሴት ድምፅ «እማማ! እማማ!» ይላል። ለእማማ መልስ የሰጠ ግን አልነበረም።

ጋሼ ግዛው መኪናዋን በመንገዱ ጠርዝ አሾልከው፣ ጡሩምባ እየነፉ፣ በአርባ ዓመት ታክሲ ያልደፈሩትን ደፍረው አወጧት። የቶራንስ የነዳጅ ማጣሪያ ጭስ ማውጫዎች ከፊታቸው ታዩ። በአንደኛው ጫፍ ላይ ቀኑን ሙሉ የምትነድ ትንሽ ነበልባል በጸሐዩ ውስጥ ገርጥታ ትንቀጠቀጣለች።

አረጋውያኑ ቤት ሲደርሱ አምቡላንሱ ገና አልመጣም ነበር። ዘርዓብሩክ በኮሪደሩ ሮጠ። በመስኮት ዳሩ ክፍል ውስጥ ለተማርያም አልጋው ላይ ተንበርክካ፣ የወይዘሮ ናካሺማን ራስ በክንዷ ደግፋ፣ በጣቷ ማር ድዳቸውን ትቀባ ነበር። አሮጊቲቱ ትንሽ ነበሩ፤ አልጋ ላይ እንደተረሳ ነጠላ። ግንባራቸው በላብ ተነክሯል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። ዶርካስ በሩ አጠገብ ስልክ ይዛ ለአምቡላንሱ ሰዎች አድራሻ ትደጋግማለች።

«እማማ!» ትላለች ለተማርያም። «እማማ፣ እባክዎን! እማማ!»

«ስማቸውን ጥሪ» አለ ዘርዓብሩክ ከበሩ ሆኖ።

ቀና ብላ አየችው። እንዴት እዚህ መጣህ አላለችም። «ምን?»

«ስማቸውን ለቱ። የሄዱበት ሩቅ ነው፤ እዚያ እማማ የሚላቸው የለም። ልጅ ሆነው በተጠሩበት ጥሪያቸው።»

 ዓመታት ሙሉ ያገላበጠቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ጠጉራቸውን ያበጠረችላቸው ሴት ስም ከአፏ አልመጣም፤ አንድም ቀን አፏ ላይ አኑራው አታውቅምና። በጥድፊያ የጋውኗን ኪስ ዳበሰች፤ የኪኒኑን ከረጢት አወጣች፤ የታተመውን ስም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አነበበች።

«ናካ… ናካጂማ። ወይዘሮ ናካጂማ!»

አሮጊቲቱ አልተንቀሳቀሱም። ለተማርያም ግን ክው አለች። ዓይኗ ከከረጢቱ ወደ አልጋው ራስጌ፣ የነዋሪዋ ስም ወደተለጠፈበት ካርድ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ዘርዓብሩክ ሚስቱ ሲገባት አየ። በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ ካየባት ፊት ሁሉ ይህን ነው እስከ መቃብሩ የማይረሳው።

«ናካሺማ ናቸው» አላት፤ ድምፁ ሰለለ።

ወደ አሮጊቲቱ ጆሮ ጎንበስ አለች። «ናካሺማ ሳን» አለች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ እንደሚያፍር ሰው። ከዚያ እየጨመረች፣ በመጨረሻም መዓት እንደ ደረሰባት ሴት በጩኸት፤ «ናካሺማ ሳን! ናካሺማ ሳን!»

የአሮጊቲቱ ቅንድብ ተንቀሳቀሰ። ዓይናቸው እንደ ቀጭን ስንጥቅ ተከፈተ፤ የሚያየውን ግን ገና አላገኘም ነበር። ከንፈራቸው ላይ ካለው ማር ጋር ተጣብቃ የቀረች አንዲት ቃል ወጣች። «ሃይ» አሉ፤ አቤት እንደ ማለት ነው። ስሟን የጠራ አስተማሪዋ ፊት እንደቆመች ትንሽ ልጅ።

የአምቡላንሱ ሰዎች ገቡ። አሮጊቲቱን በደም ሥር ስኳር እየሰጡ በቃሬዛ ሲያወጧቸው ለተማርያም እስከ በሩ ተከተለቻቸው፤ ከዚያ በግድግዳው ተደግፋ ቆመች።

«ይኖራሉ?» አለ ዘርዓብሩክ።

«ሲወጡ እጄን ጨብጠውኛል» አለች። «አላውቅም።» ስክሪኑን ከጋሪው ላይ አንሥታ ወደ እርሱ ዘረጋችው። «አረንጓዴ ነበር ዘርዓ። አየሁት። ማን ነው አረንጓዴ ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

እንዲህ ብቻ አለ። ወንፊቱን፣ ጭረቶቹን፣ ሐሙስ ዕለት የተቀየሩትን ኮምፒውተሮች፣ በመኪናው ውስጥ ያልደወለውን ስልክ ሁሉ በዚያች ቃል ውስጥ አስቀመጠው። ለተማርያም ቀና ብላ አየችው። ቁጣን ጠብቆ ነበር፤ ቁጣ ሰው የሚያውቀው ነገር ነውና በቁጣዋ ውስጥ ሊጠለል ይችል ነበር።

«እኔም ስማቸውን አልጠራሁም» አለች በዝግታ። «በከረጢቱ ላይ ተጽፎ ነበር። እጄ ውስጥ ነበር።»

ጋሼ ግዛው ከመግቢያው ቆመው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዞሩት ነበር።  ዘርዓብሩክ በመኪናው ውስጥ የጠየቁት ጥያቄ አሁንም በፊታቸው ላይ እንዳለ አየ። ስልኩን አወጣ። የድርጅቱን የድንገተኛ ቁጥር ነካ። 

አንድ ወጣት ድምፅ አነሣው። ምን ልርዳዎ አለው።

«ሲስተሙን በሁሉም ቤት ዝጉት» አለ ዘርዓብሩክ በእንግሊዝኛ። «አሁኑኑ። የስም ማዛመጃው ስህተት አለበት። መድኃኒት ወደ ሌላ ሰው እየሄደ ነው።»

 «ይህን የሚሉት ማን ልበል?»

ሙሉ ስሙን ተናገረ። ወጣቱ እንዲደግምለት ጠየቀው፤ ደገመው። በየክፍሉ እየሰበረ፣ አንድም ሳያስቀር፣ እስከ አያቱ ድረስ ተናገረ። ወጣቱ ሲጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማዋል። ከዚያ «እንዳይዘጉት፣ በዝርዝር ልጠይቅዎ ነው» አለና ሙዚቃ ለቀቀበት።

በዚያ የማይረባ ሙዚቃ መካከል ነው፣ ለዘርዓብሩክ ሌላ ሐሳብ የመጣለት። ከምግብ ቤቱ ጀምሮ፣ በመንገዱ ሁሉ፣ በአልጋው አጠገብ ሆኖ ያሰበው ኪኒኑ ስለ ተሰጣቸው ሴት ነበር። ስኳር ኖሮባቸው ኪኒኑ ስለ ቀረባቸውስ? ከአንዱ ስም የተራገፈ ጭረት ሌላውን ስም ባዶ ያስቀረዋል። ከትናንት ጀምሮ የወይዘሮ ናካጂማ መድኃኒት ሁሉ ወደ መስኮት ዳሩ ክፍል ሲሄድ፣ ስክሪኑ ስለ እርሳቸው ምንም አላለም። ምንም ያላለ ስክሪን ደግሞ ማንንም አያስሮጥም።

«ለቱ» አለ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ። «ሌላዋስ? ናካጂማ? ዛሬ አይተሻቸዋል?»

ለተማርያም ከግድግዳው ተላቀቀች። «ትእዛዝ የላቸውም ነበር» አለች። «መድኃኒቱ የቆመላቸው መስሎኝ…» ዶርካስን አየቻት። ዶርካስ ራሷን ነቀነቀች፤ እርሷም አላየቻቸውም። ለምሳ አልወጡም፤ አንዳንድ ቅዳሜ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ቴሌቪዥን ያያሉ ብላ ነበር።

ለተማርያም ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ተራመደች። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሩጫ። ከሁሉ በመጨረሻ ያለው በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፤ የብዙ ሰዎች ሳቅና ጭብጨባ። በሩን በመዳፏ መታችው። እጀታውን ስትይዝ ወደ ባሏ ዞር ብላ አየች፤ እርሱም በስልኩ ውስጥ «ይቀጥሉ፣ እየሰማሁዎ ነው» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ስልኩን ግን ከጆሮው አወረደ።

«ናካጂማ ሳን!» አለች ለተማርያም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ተሰምቶባት በማያውቅ ድምፅ፤ እያንዳንዱን ክፍለ ቃል ለብቻው እያጠራች። «ናካጂማ ሳን!»

ከውስጥ ቴሌቪዥኑ ይስቃል። ሁሉም ቆመው መልሱን ጠበቁ።